የስልኩ ተራ

ጥቅምት 10 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ይህን ደብተር በአማርኛ ልጽፍ ወስኛለሁ። ለማንም አላስነብበውም፤ እጄ ይልመደው ብዬ ነው። ለጣልያኖች ኩባንያ በጣልያንኛ ታይፕ ስመታ ኖርኩ፤ እንግሊዞች ሲመጡ በእንግሊዝኛ መታሁ፤ አሁን ደግሞ በአማርኛ። ካለፈው ዓመት ወዲህ የመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ ሁሉ በአማርኛ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ሌላ ቋንቋ መነጋገርም ቀርቷል። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ከልጆች ጋር የማታ ትምህርት ቤት ቁጭ ብዬ ተማርኩት። መጻፉ አያስቸግረኝም። ስናገር ግን የትግርኛ ጉሮሮዬ ያጋልጠኛል።

ዛሬ ከንግድ ትምህርት ቤት ሦስት ተለማማጆች መጡልኝ። ኣስመሮም ረጅም ነው፤ ሲራመድ ጫማው ኮሪደሩን ያናጋዋል፤ ሥራ አስኪያጁን ሲሰናበት «ቻው» አላቸው። ብርቅነሽ የጦር መኮንን ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ደሴ ስለሆነ አማርኛው ከአፏ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ማስቲካ ታኝካለች። ጽገረዳ የዓኽርያ፣ የድሆቹ ሰፈር፣ ልጅ ናት። አባቷ ሞተዋል፤ እናቷ ፋብሪካ ይሠራሉ። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ ከእያንዳንዱ ቃል በፊት ቆም ትላለች።

አቶ እሸቱ፣ ሥራ አስኪያጃችን፣ ጠርተውኝ «ወይዘሮ ለተሰንበት፣ ሥራውን ይደርሱበታል። የቢሮውን ሥነ ሥርዓት ግን እርስዎ ያሲዙልኝ። ሲጨርሱ ሁለቱን እንቀጥራለን» አሉኝ። ሸዋ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ ሰው ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። እሳቸው ፊት ግን ሁልጊዜ ላብ ያጠምቀኛል።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ዛሬ ሥነ ሥርዓት አስተማርኩ። በር ሳያንኳኩ መግባት የለም። እጅ ኪስ ውስጥ ከትቶ ማናገር የለም (ኣስመሮም)። ማስቲካ የለም (ብርቅነሽ)። «እወ» የለም፤ «አዎን» ነው (ጽገረዳ)። ስልክ ስትቀበሉ ያልሰማችሁትን አስደግሙ፤ ማስደገም ነውር አይደለም፤ ገምቶ መጻፍ ነው ነውሩ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ አልኳቸው፣ የቅርብ አለቃችሁን በሰው ፊት አታርሙ። ጥፋት ሲገኝ «እኔ አይደለሁም» እያሉ መሟገት የልጅ ሥራ ነው። «ይቅርታ» ብላችሁ ዝም በሉ፤ እውነቱ በኋላ ይጣራል።

ጽገረዳ ይህንን በወረቀት ጻፈችው።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ዛሬ ያደረግኩት ደስ አላለኝም።

ጽገረዳ ፋይል ይዛ አቶ እሸቱ ዘንድ ገባች፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ፋይሉን አስቀመጠችና «እናንተ ፈርሙበት» አለች። አቶ እሸቱ ግራና ቀኝ ተመለከቱና «ከእኔ ሌላ ሰው አለ እንዴ?» ብለው ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም። ልጅቱ አልገባትም። በእኛ ቋንቋ በትግርኛ አንድን ሰው የምናከብረው እንደ ብዙ ሰው ቆጥረን ነው፤ እሷ ያንኑ በአማርኛ ማለቷ ነበር። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። የሳቀብኝ የለም፤ ወይም ስወጣ ጠብቀው ስቀዋል።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ ሁሉም በተቀመጡበት ተቆጣኋት። «ይህ የዓኽርያ ጉሊት አይደለም» አልኳት። ብርቅነሽ አንገቷን ደፋች። ኣስመሮም ወደ መስኮቱ ዞረ። ጽገረዳ «ይቅርታ» አለችና ተቀመጠች።

ማታ ለባሌ ለተኽለ ነገርኩት። እሱ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነው፤ እጁን በሳሙና እየፈተገ ሰማኝና «ዓኽርያ ምን ሆነ? አክስትሽ የት ነው የምትኖረው?» አለኝ። ነገሩ ሌላ ነው አልኩት። «ሌላ ምን?» አለ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ጽገረዳ ከሁለቱ ትሻላለች። ታይፑ ላይ ፈጥናለች። ከሥራ ስንወጣ «ወይዘሮ ለተሰንበት፣ እርስዎ አማርኛውን እንዴት ቻሉት?» አለችኝ።

«ሠርቼ።»

«እኔም እችለው ይሆን?»

«ካልሰነፍሽ።»

የማታ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ውስጥ ገብቼ አልቅሼ እንደነበር ልነግራት እችል ነበር። ብነግራት አለቃነቴ ይቀንስ ነበር።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ሩጫ ነው የዋልኩት። በዚህ ሳምንት የስልክ ተራ የጽገረዳ ነው። ቴምብር አልቆ ፖስታ ቤት ላክኋት። በመሐል ከአዲስ አበባ ተደወለ። መስመሩ ይንጫጫል። የደወለው ጸሐፊ ስሜን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «አማርኛ የሚችል ሰው የለም?» አለኝ። እኔ እችላለሁ አልኩት። ሳቀ መሰለኝ። ልንቀበላቸው ስንዘጋጅ የሰነበትነው እንግዳ፣ የዋናው መሥሪያ ቤት ሹም፣ ማክሰኞ በአውሮፕላን ይገባሉ አለኝ። ብርቅነሽ ቀና ብላ አየችኝ። ለአቶ እሸቱ ነገርኳቸው። መኪናው፣ አበባው፣ ምሳው ሁሉ ለማክሰኞ ታዘዘ።

ማክሰኞ ነው ያለው። ማክሰኞ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

እንግዳው ዛሬ መጡ። አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበላቸው ማንም የለም። በታክሲ ሆቴል ገብተው ከዚያ ደወሉ። አቶ እሸቱ ኮታቸውን ሳይቆልፉ ሮጠው ወጡ። እስካሁን ምንም አልበላሁም።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ጠዋት አቶ እሸቱ ወደ ክፍላችን መጡ። ወደ እኛ መጥተው አያውቁም፤ ሰው ያስጠሩ ነበር። ፊታቸው አመድ መስሏል። እንግዳው በሰው ፊት ምን እንዳሏቸው የሾፌሩ ወሬ ቀድሞ ደርሶናል።

«የሐሙሱን ስልክ የተቀበለ ማነው?» አሉ።

ጽገረዳ ወደ እኔ ተመለከተች። ጥያቄው የእኔ ነውና እኔ እመልሳለሁ ብላ የጠበቀች ይመስለኛል። ሁሉም ወደ እኔ ተመለከቱ።

«በዚያ ሳምንት የስልክ ተራ የጽገረዳ ነበር» አልኩ።

ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ውሸት አይደለም። ተራው የእሷ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። እሷ ተቀበለች አላልኩም።

አቶ እሸቱ ወደ እሷ ዞሩ። «ሰኞና ማክሰኞን የማትለይ ልጅ ስልክ ላይ ማን አስቀመጣት?» አሉ። ጽገረዳ ብድግ አለች። አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። «ይቅርታ ጌታዬ» አለች።

ሲወጡ እኔም ተከትያቸው ወጣሁ። ልነግራቸው ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ባለጉዳዮች ቆመው ነበርና አልተመቸኝም።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ ይንገሯት ተባልኩ። ነገርኳት። ማልቀስዋን ጠብቄ ነበር፤ አላለቀሰችም። «የተለማመድኩበት የምስክር ወረቀት ይሰጠኛል?» ብላ ጠየቀች። አይሰጥም አልኳት። ጠረጴዛዋን ጠረገች፤ ታይፑን በጨርቁ ሸፈነች። «ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ» አለችኝ። አማርኛው አንድም ስህተት አልነበረውም።

ለተኽለ፣ አንዲት ተለማማጅ ተሳስታ ተባረረች ብዬ ነገርኩት። «ያቺ የዓኽርያዋ?» አለ። አዎን አልኩት። ሹራቡን አውልቆ ተኛ።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ንግደት ማርያም፣ የማርያም ንግሥ በዓል። ከተማው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወጥቷል። ጽገረዳን ከእናቷ ጋር በሩቅ አየኋት። ጥላዬን ፊቴ ላይ ዝቅ አደረግኩ። ከበሮው እስኪያልፍ እንደዚያው ቆምኩ። ምን እንደጸለይኩ አላስታውስም።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ሁለቱ ልጆች ሥርዓት ያዙ። ኣስመሮም ያለ ድምፅ ይራመዳል። ሲያነጋግረኝ «አቤት» እና «እሺ» ብቻ ሆኗል፤ ዓይኔን አያየኝም። ሥርዓት መያዝ ያልኩት ይህንን ይሆን?

ሁሉም ለምሳ ሲወጡ ብርቅነሽ ወደ ኋላ ቀረች። በሩን ዘጋችና «ወይዘሮ ለተሰንበት፣ ያን ቀን ስልኩን ያነሱት እርስዎ ነዎት፤ አይደል?» አለችኝ።

«ምን ልትይ ነው?»

«ምንም። እኔ አጠገብዎ ነበርኩ። 'ማክሰኞ' ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ሥራሽን ሥሪ» አልኳት።

«እሺ» አለች። «ለማንም አልናገርም። በሰው ፊት አታርሙ ብለውናል።» ስታሾፍብኝ እንደሆነ ፊቷን አጠናሁ። እያሾፈች አልነበረም። ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እሺ፣ ቢያንስ እዚህ ልጻፈው። አሁን ሳስበው፣ የደወለው ሰውዬ ያለው «እስከ ሰኞ ይገባሉ» ነው። መስመሩ ሲንጫጫ «…ክሰኞ» ብቻ ደረሰኝ፤ ማክሰኞ ብዬ ሞላሁት። እኔ በልቤ ቀኑን አሁንም በትግርኛ ሰኑይ፣ ሰሉስ እያልኩ ነው የምቆጥረው፤ ወደ አማርኛ እስካዞረው ጊዜ ይወስድብኛል። «ይድገሙልኝ» ማለት አንድ ቃል ነበር። ግን አማርኛ የሚችል የለም ወይ ብሎኛል። እችላለሁ ካልኩት በኋላ እንዴት ላስደግመው?

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ ሥራ የለምና ዓኽርያ ሄድኩ። ብርቱካን ገዝቼ ያዝኩ። ልነግራቸው ነው የሄድኩት። ይህን ማንም ባያምነኝ እኔ አውቃለሁ።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ደጃፉ በደንብ ተጠርጓል። እናትየው፣ አደይ (እማማ) ርግበ፣ ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ሁለት እጄን ይዘው ሳሙት። ሴትዮዋ ከእኔ በብዙ አይበልጡም፤ ጣቶቻቸው ግን ያረጀ ሰው ጣት ናቸው። አልጋው ላይ አስቀመጡኝ። ለጎረቤታቸው «የልጄ አለቃ መጣች» ብለው ተጣሩ።

«አሁን ከሥራ ትመጣለች» አሉኝ በትግርኛ። «ቅዳሜም ታሠሯታላችሁ አይደል? ትጉህ ናት ልጄ። ጠዋት ጠዋት ቀሚሷን ተኩሳ ነው የምትወጣው።»

ከተባረረች አሥር ቀን ሆኗታል። ለእናቷ አልነገረቻቸውም። በየጠዋቱ ለብሳ ትወጣለች፤ ማታ ትመለሳለች። የት እንደምትውል እግዜር ይወቅ።

«አምላክ ያክብርዎ» አሉኝ። «አባት የላትም። እርስዎ ሰው አደረጓት።»

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። ብርቱካኑን ከጭኔ ላይ አንስቼ አስቀመጥኩ። «ጎበዝ ልጅ ናት» አልኩ።

ጽገረዳ ስትገባ በሩ ላይ ቆመች። እኔን አየች፤ እናቷን አየች። የነገርኳቸው መስሏት ፊቷ ነጣ። እናቷ ፈገግ ሲሉ ግን ገባት። «እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሮ ለተሰንበት» አለችኝ በአማርኛ። በገዛ ቤቷ፣ በእናቷ ፊት፣ በአማርኛ።

ሻሂ ሳልጠጣ ተነሣሁ። እስከ ፌርማታው ሸኘችኝ። አውቶቡሱ ሲመጣ «ለእናቴ ስላልነገሩ አመሰግናለሁ» አለችኝ።

አመሰገነችኝ።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ሁለት ጊዜ አቶ እሸቱ በር ድረስ ሄድኩ። አንዴ ሰው ነበር። አንዴ ማንም አልነበረም።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

እንደሆነው ልጽፈው።

ጠዋት አደይ ርግበ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጽገረዳን አስከትለው መጡ። ልጅቱ ቅዳሜ ማታ ሁሉን ነግራቸዋለች። እኔ ከሄድኩ ጀምሮ እናቷ ለጎረቤት ሁሉ «አለቃዋ ቤቴ መጣች» እያሉ ሲያወሩ መስማት አቅቷት ነው፤ ይህን በኋላ ኣስመሮም ነው የነገረኝ። ዘበኛው ሊያስቆማቸው ሞክሮ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሥራ አስኪያጁን ካላየሁ አልሄድም አሉ። አቶ እሸቱ ድምፁን ሰምተው በራቸውን ከፈቱ።

«ምን ፈልገው ነው?» አሉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው፣ «ወይዘሮ ለተሰንበትን ጥሩልኝ፤ ይተርጉሙልኝ።»

ሄድኩ። ጸሐፊዎቹ በየበሩ ቆመዋል። ኣስመሮምና ብርቅነሽም አሉ።

አደይ ርግበ እኔን አላዩኝም። አቶ እሸቱን እያዩ በትግርኛ ተናገሩ። ድምፃቸው አልጮኸም። ልጄ ሌባ አይደለችም፣ ሰነፍ አይደለችም አሉ። እሱን ተረጎምኩ። በዚያ ቀን ልጄ ፖስታ ቤት ተልካ ነበር አሉ። እሱንም ተረጎምኩ። አቶ እሸቱ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ስልኩን የተቀበለችው ይህች የምትተረጉምልህ ሴት ናት።»

በየበሩ ከቆሙት አብዛኞቹ ከመሐል አገር የመጡ ናቸው፤ የተባለው የገባው ብዙ ሰው አልነበረም። አቶ እሸቱ ትግርኛ አያውቁም። ሌላ ነገር ብል፣ ልጄን መልሱልኝ እያሉ ነው ብል፣ ማን ያርመኛል? ኣስመሮምን አየሁት። እሱም አየኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጽገረዳ ወለሉን ነበር የምታየው። እንደማታርመኝ አውቅ ነበር።

«ምን አሉ?» አሉ አቶ እሸቱ።

«ስልኩን የተቀበለችው ይህች የምትተረጉምልህ ሴት ናት አሉ» አልኩ።

«ማለት?»

«እኔ ማለታቸው ነው።»

«እውነት ነው?»

«ያሉትን ነው የተረጎምኩት።»

«እኔ የምጠይቅዎ እውነት መሆኑን ነው።»

«እውነት ነው» አልኩ።

አቶ እሸቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«አፈርኩ።»

«ምኑ ነው የሚያሳፍረው? ሰው ይሳሳታል።»

«አማርኛዬ» አልኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጉሮሮዬ ቃሉን እንደ ለመደው አወጣው፤ ማንም ግን አልሳቀም።

ወደ ጽገረዳ ዞሩ። «አንቺስ? አፍ የለሽም?»

«አለኝ ጌታዬ» አለች። «ወይዘሮ ለተሰንበት ያስተማሩን እንደዚያ ስለሆነ ነው።» ለመክሰስ ብላ አልነበረም። የተጠየቀችውን መመለሷ ነበር።

አደይ ርግበ ልጃቸውን «እንታይ ኢላቶ?» ብለው ጠየቁ፤ ምን አለችው ማለታቸው ነው። «ኩሉ ነጊራቶ» አለች ጽገረዳ፤ ሁሉን ነገረችው።

ሴትዮዋ ያኔ ነው ያዩኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ቆምኩ። ራሳቸውን ዝቅ አደረጉና «እግዚኣብሔር ይሃብክን» አሉኝ፤ ስላስተረጎምኩላቸው ማመስገናቸው ነው። ያውም በአክብሮት፣ እንደ ብዙ ሰው ቆጥረው።

አቶ እሸቱ ልጅቱ ከነገ ጀምራ እንድትመለስ፣ ተቀጥራ እንድትሠራም ፈቀዱ። ያንን ደግሞ ለእናትየው ተረጎምኩ። እናትየው ለልጃቸው «ንስኺ ፍለጢ» አሏት፤ አንቺ እወቂ። ጽገረዳ «አመሰግናለሁ ጌታዬ። አልመለስም» አለች። ለምን ብለው አልጠየቋትም። ኣስመሮም ማንንም ሳያስፈቅድ በር ድረስ ሸኛቸው፤ ጫማው ኮሪደሩን እያናጋ። ዝም በል አላልኩትም።

ማታ ለተኽለ ሁሉን ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ፣ «ለእኔም ልጅቱ ናት ያጠፋችው ብለሽኝ ነበር» አለ። አዎን አልኩት። «እኔ ምን አደርግሽ ነበር?» አለኝ። አልተቆጣም። ይህን ጥያቄ እስካሁን እያሰብኩበት ነው።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

መዝገብ ቤት ተዛወርኩ፤ ምድር ቤት ነው። ተለማማጆቹን ሌላ ሰው ተረከባቸው። አቶ እሸቱ ደመወዜን አልነኩብኝም። «ለእርስዎም እዚያ ይቀልዎታል፤ ስልክ የለም» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ፈልገው ይመስለኛል።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ከታኅሣሥ ወዲህ አልጻፍኩም። የሚጻፍ አልነበረም።

ጽገረዳ መሐል ከተማ አንድ መድኃኒት ቤት ሥራ እንዳገኘች ብርቅነሽ ነግራኛለች። ራሷ ገብታ ጠይቃ ነው ያገኘችው። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለት የሚገባኝ እንደሆነ ግን አላውቅም። ላያት አልሄድኩም። መድኃኒት ቤቱ ያለበትን መንገድ ትቼ በሌላ ነው የምዞረው።

ዛሬ ማታ ከሥራ ስወጣ በሰፈራችን የሚያልፈው የሓዝሓዝ አውቶቡስ ሞልቶ ነበር። እየተጋፋሁ ገብቼ ብረቱን ያዝኩ። ሰው ክንዴን ነካ ሲያደርገኝ ዘወር አልኩ። ጽገረዳ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ተነሥታ ቦታዋን ልትለቅልኝ ነው።

«ኮፍ በላ» አለችኝ በትግርኛ፤ ይቀመጡ ማለቷ ነው። ማንኛዋም ልጅ ለማንኛዋም ትልቅ ሴት እንደምትለው።

ቆሜ መሄድ ነበረብኝ። አይሆንም፣ አንቺ ተቀመጪ፣ ደክሞሻል ማለት ነበረብኝ። ሰው ከኋላ ይገፋኝ ነበር፤ ሁሉም ያየናል። ተቀመጥኩ። እስክወርድ ድረስ አጠገቤ ቆማ ሄደች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ። እኔም የእሷን ቀሚስ ጫፍ እያየሁ ሄድኩ።

ስወርድ «የቐንየለይ» አልኳት፤ አመሰግናለሁ ማለቴ ነው። ራሷን ነቀነቀች። አውቶቡሱ ወደ ዓኽርያ መታጠፊያው እስኪደርስ ቆሜ አየሁት፤ የለቀቀችልኝ ወንበር ላይ ግን መልሳ አልተቀመጠችም።